ፍልሰተ ዳለቻ፤ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ በዋለው ማክሰኞ፣ እትዬ ንግሥቴ በፍኖተ ሰላም ከአስፋልቱ ዳር የቪዲዮ ቤታቸውን በተከሉ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ መብራት ሳይጠፋ ውሎ ቢያድር ሰው ሁሉ ምን ሊመጣ ነው ብሎ በሠጋበት ሳምንት፣ ወይዘሪት ያምሮት፣ መጋቢተ ሰርቨር፣ ዐቃቢተ ዲስክ፣ ፈታሒተ ብሎን ወአሣሪተ ኬብል፣ ኖላዊተ አብዕርት ዘኀፂን፣ ይኸውም የብረት በሬዎች እረኛ፣ በሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ቡሬ ዘመተች። የዘመተችበትም ምክንያት እንዲህ ነው፤ ኋላ ሌላው ሌላ እንዳያወራ ከሥሩ ይነገር።

እትዬ ንግሥቴ ሠርግ የሚያነሡ ሴት ናቸው። ከደምበጫ እስከ ሽንዲ እሳቸው ያላነሷት ሙሽራ ብትኖር የኮበለለች ብቻ ናት። ይህን ሁሉ ሠርግ የሚያኖሩትም በሦስት ሰርቨሮች ነው፤ ሰርቨር ማለት እንግዲህ ሆዱ በዲስክ የታጨቀ፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ብረት ነው። ያምሮት ሦስቱን ከየወዳደቀው ኮምፒውተር ለቃቅማ፣ አንዱን በአንዱ ጠጋግና ባቆመቻቸው ጊዜ የበሬ ስም አወጣችላቸው፤ ፊቱ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ፣ ጥቁሩን ጉራቻ፣ አመድማውን ዳለቻ አለቻቸው። ቦራና ጉራቻ በፍኖተ ሰላም በእትዬ ንግሥቴ ጓዳ ተቀመጡ፤ ዳለቻ ግን፣ እሳት ቢነሣ ወይ ሌባ ቢገባ ሁሉም ባንድ ቀን እንዳይጠፉ ተብሎ፣ በቡሬ በቅርንጫፉ ቤት ተቀመጠ። በመካከላቸውም የኢንተርኔት መስመር አለ፤ በዚያ እየተጠራሩ ሦስቱ እንደ አንድ ማኅበር ይኖራሉ።

የማኅበሩም ሥርዓት ይህ ነው። አንድ ሠርግ ባንድ ቤት ብቻ አያድርም፤ አንዱ ቅጂ ከአንዱ በሬ፣ ሌላው ቅጂ ከሌላው በሬ ሆድ ይቀመጣል። ከሦስቱ አንዱ ድምፁ የጠፋ እንደሆነ ሁለቱ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡታል፤ መብራት ይሆናል፣ መስመር ይሆናል ብለው ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ሞቷል ይሉና፣ በእጁ የነበረውን ሠርግ ከተረፈው ቅጂ እየገለበጡ ለሁለት ይካፈሉታል። ያምሮት ይህን ለእትዬ ንግሥቴ ለማስረዳት ስንቱን ቃል ሞክራ አልሆን ቢላት፣ በመጨረሻ ቅርጫ ማለት ነው አለቻቸው፤ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ከዚያም ወዲህ በዚያ ቤት የዚያ ነገር ስሙ ቅርጫ ሆኖ ቀረ።

ወእምዝ በፋሲካ ሰሞን ዳለቻ ታመመ። ማዘርቦርዱ ተዳክሞ፣ ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ይወድቃል፣ እንደ ሽማግሌ በቀትር ያንቀላፋል። ዲስኮቹ ግን ደኅና ናቸው። የሚሻለውም መድኃኒት አንድ ብቻ ሆነ፤ ዳለቻን አጥፍቶ፣ ዲስኮቹን ከሆዱ አውጥቶ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይዞ መጥቶ፣ ባዶ ቀዳዳ ካለው ከቦራ ሆድ መክተት። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ቦራም ጉራቻም በዚያ ሰሞን ሠርግ እስከ ጉሮሯቸው ሞልተው ነበር፤ ዲስኮቹ መንገድ ላይ ሳሉ ሁለቱ ቅርጫ የጀመሩ እንደሆነ፣ እርጥብ አልፋልፋ እንደበላ በሬ ተነፍተው ይቆማሉ፤ ቪዲዮ አይቀበሉም፣ ቪዲዮ አይሰጡም።

እትዬ ንግሥቴ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ከበራፉ ቆመው፣ ለቤቱም ለጎረቤቱም እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ስሙ፣ ያልሰማም ይስማ። ሄቨን የአያ ጌታሁን ልጅ በዳግማይ ተድራለች፤ አባቷ ነገ ከሽንዲ መጥተው ቪዲዮዋን ይወስዳሉ። ሠርጉ ከወጣ ወጣ። ካልወጣ ግን ይኸን ጓዳ ለተስፋው በቆሎ አከራየዋለሁ፣ በሬ ተብዬዎቹን ለቁራሌው በኪሎ እሰጣቸዋለሁ፣ ያምሮትንም መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት። በየሳምንቱ ይኼ ታመመ፣ ያኛው ተነሣ፤ እኔ ሠርግ ላንሣ ወይስ ብረት ላስታምም።»

ተስፋው ማለት የእህል ነጋዴው ጎረቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በቆሎው ደጅ አድሮ ዝናም ሊመታበት ነው፣ ያንን ጓዳም ካየው ጊዜ ጀምሮ ልቡ ከእሱ አልተነሣም። አዋጁ ሳያልቅ ገመድ ይዞ ገብቶ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ ቦራን እንደ ድንጋይ ተሻገረው።

ያምሮት ሦስቱን በሬዎች ያቆመቻቸው፣ ሰው ሁሉ አንድ ደኅና ዲስክ ገዝተሽ ተገላገይ እያላት፣ እሷ አሻፈረኝ ብላ ነው። ሌላ ቦታ ብትሄድ ፎቶ ኮፒ አንሺ ይሏታል እንጂ ሰርቨር አርቢ የሚላት የለም። ስለዚህ ዕቃዋን ሰበሰበች። የዘመቻዋም ጓዝ ይህ ነበር፤ ባለ መስቀል ብሎን መፍቻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ከእኅቷ ልጅ የተወሰደ የሕፃን ካልሲ ለየዲስኩ አንዳንድ፣ አቧራ የምታራግፍበት የቀለም ብሩሽ፣ ቁራሽ ድፎ ዳቦ፣ ይህን ሁሉ የሚሸከም የጨርቅ ከረጢት።

በማግስቱም ጧት፣ ከመሄዷ በፊት፣ ከኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። በዚህ ሙያ ልማድ ነው፤ ዲስክ ከቤቱ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ለማኅበሩ ያውጃል፤ ይህ የሚሄደው አልሞተም፣ መንገድ ወጥቶ ነው፣ ማንም ቅርጫ እንዳይጀምር ይላል። አዋጁ በፈረንጅ ፊደል የሚጻፍ ነው፤ የመጨረሻውም ቃል «ኖአውት» ይባላል፣ ማንም አልወጣም እንደ ማለት ነው። አዋጁ ያለዚያ ቃል አንገቱ የተቆረጠ ነው። ያምሮት አዋጁን ጀምራ፣ አካሉን ሁሉ ጽፋ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ስትቀራት፣ ከአስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ጥሩምባ ተነፋ፤ ረዳቱም በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ እንዲህ ሲል አወጀ፤ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ አንድ ሰው። አንድ ሰው ብቻ። የቀረ ይቀራል፣ ሹፌሩ ቀጠሮ አለው።» ያምሮትም ከረጢቷን አንጠልጥላ፣ ነጠላዋን በአንድ ትከሻ ጥላ ሮጠች። ከገባች በኋላ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሹፌሩም ሻዩን እስኪጨርስ ተጠበቀ። ያች ቃል ግን ሳትጻፍ ቀረች።

ቡሬ ደረሰች። ከቅርንጫፉ ቤት ገብታ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ ዳለቻን በእጇ ነካችው፤ ትኩሳት ነበረው። አጠፋችው። ጎኑን ፈትታ፣ ብሎኑን በአፏ ይዛ፣ ዲስኮቹን አንድ ባንድ ከሆዱ ሳበች፤ እያንዳንዱን በብሩሽ ጠርጋ፣ በሕፃን ካልሲ አጥልቃ፣ ድፎ ዳቦው ከነበረበት ከረጢት ደረደረቻቸው። ዳቦውን በላችው፤ ዲስኮቹ ሰፊ እንዲተኙ ነው ብላ ለራሷ ምክንያት ሰጠች። ባዶው ዳለቻ ከጥግ ቀረ። ዞራም አላየችው፤ ልቧ እንዳይባባ ነው።

የመመለሻው ሚኒባስ ሞልቶ ተነሣ። የተሳፋሪዎቹም ዝርዝር እንዲህ ነበር፤ ከሹፌሩ ጎን በዳዊታቸው ላይ ያንቀላፉ አንድ ቄስ፣ ከኋላቸው ከዱርቤቴ በዝውውር የመጡ ሦስት መምህራን፣ ከእነሱ ኋላ እግሯ የታሠረ ዶሮ ከነጌታዋ፣ ከያምሮት ጎን ደግሞ ወይዘሮ በለጠች። እኒህ በለጠች የፍኖተ ሰላም ሰው ናቸው፤ ከሰሙት ነገር ለሌላ ሳያካፍሉ ውለው አያውቁም፣ ይህንም ቸርነት ይሉታል።

ወደ ማንኩሳ ሲቃረቡ ያምሮት፣ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ የሠራችውን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በልቧ ትደግም ጀመር። ዳለቻን አጠፋሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣ ካልሲ አለበስሁ፤ ጧት ከኪቦርዱ ተቀመጥሁ፣ አዋጁን ጻፍሁ፣ ጥሩምባው ተነፋ። እዚህ ላይ ስትደርስ የመጨረሻዋ ቃል ሳትጻፍ መቅረቷ ታሰባት። ዳለቻ ከጠፋ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። ቦራና ጉራቻ ቢላቸውን እያፋጩ ነው ማለት ነው።

ስልኳን አወጣች። በዚያ ቀን በዚያ ጓዳ የሚገኝ ሰው እትዬ ንግሥቴ ብቻ ናቸው። እትዬ ደግሞ ትምህርታቸው ፊደል ቆጥረው የቆመ ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ከነሞክሼው ያውቁታል፣ የፈረንጁን ግን ከሳሙና ካርቶን ላይ ካዩት በቀር አያውቁትም። ቢሆንም ሌላ ሰው የለም። ሚኒባሱ ዳገት እየወጣ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ያምሮት ከሞተሩ በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በስልኩ ለእትዬ፣ ሳታስበውም ለሚኒባሱ ሁሉ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፤

«እትዬ፣ ያምሮት ነኝ። ቅርጫው ሳይጀመር ያስቁሙልኝ። ዳለቻ አልሞተም። ብልቱ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው፣ እዚሁ ጭኔ ላይ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ተቋረጠ። ዶሮዋም ዝም አለች። ቄሱ አንድ ዐይናቸውን ገለጡ። ያምሮት ቀጥላ ኪቦርድ የሚለውን ቃል ተናግራ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ያድን የነበረውን ያንን ቃል ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ በላው። የተሰማው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

«ከፊትዎ ሁለት ምሰሶ በሰያፍ ማገር የተያያዘች አለች፤ እሷን ይጫኑ። ቀጥሎ ዐይኑን። ዐይኑ ዐን፣ እትዬ፣ ድቡልቡሉን። ጅራት ያላትን አይንኩ፣ ቀጭኗንም አይንኩ። አሁን ዐይኑን ይድገሙት፤ አዎ፣ ሁለቱም ዐይን ያስፈልጋል። ከዚያ ሃሌታው ሀ፤ እሷው ናት፣ ጎድጓዳዋ። መጨረሻ ተ ናት፣ ግን ራሷ የተቆረጠ። አገኟት? ተባረኩ። በሉ አሁን ትልቁን፣ ቀስቱ የታጠፈውን፣ ይምቱት።»

የፈረንጁ ፊደል እውነትም እንዲያ ነው፤ አንዱ እንደ ዐይኑ ዐ ክብ፣ አንዱ እንደ ሃሌታው ሀ ከላይ ክፍት፣ አንዱ ደግሞ ተ ሆኖ ራሱን ያጣ። ያምሮት ይህን ያሰበችው ጭንቅ ገፍቷት ነው፤ ተደላድላ ብትቀመጥ አይመጣላትም ነበር። እትዬ ንግሥቴም ከዚያ ማዶ ጣታቸውን እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ፊደሉን እንደ ልጅነታቸው ጮክ ብለው እየጠሩ መቱት። መምታታቸው ሳይታወቅ መስመሩ ተቋረጠ። ከማንኩሳ ወዲህ ኔትወርክ የለም። ያምሮት ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፣ ወደ ጣራው አነሣች፣ አልሆነም። ቃሉ ይድረስ አይድረስ ሳታውቅ፣ ከረጢቷን አቅፋ፣ የዲስኮቹን ጥግ በካልሲው ላይ እየዳሰሰች ቀረች።

ወይዘሮ በለጠች ግን ስልካቸው የሚይዝበትን ጉብታ ያውቁታል። እዚያ ሲደርሱ ለጎረቤታቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «እናንተዬ፣ እትዬ ንግሥቴ ቤት ቅርጫ አለ። ዳለቻ የሚባል በሬ ነው፤ የታመመ ነው መሰለኝ፣ ብልቱ በሚኒባስ እየመጣ ነው። ዐይኑን ሁለት ጊዜ ሲያስነኩት በጆሮዬ ሰማሁ፣ ራሱም ተቆርጧል። እኔ ምን አገባኝ፣ ሥጋ ሥጋ ነው። ሰፌድ ይዘሽ ቅደሚ፤ ለእኔም አንድ መደብ ያዥልኝ፣ ጉበት ያለበትን።»

አዋጁም እንደ ሰደድ እሳት ሳይሆን ከዚያ ፈጥኖ ዞረ። ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም ሳይገባ የእትዬ ንግሥቴ ደጅ ሞላ። ማን ማን መጣ ቢሉ፤ ሰፌድ የያዙ መጡ፣ ሳፋ የያዙ መጡ፣ ሰፌዱም ሳፋውም ጠፍቶባቸው የብረት ድስት ክዳን ያንጠለጠሉ መጡ። አያ አምላኩም መጡ፤ እኒህ የሰፈሩ ቅርጫ አከፋፋይ ናቸው፣ ስንት ዘመን መደብ ሲደለድሉ አንድም ሰው አድልተዋል ብሎ አላማቸውም። ቢላቸውን በክንዳቸው፣ የዕጣውን ጭራሮ በኪሳቸው ይዘው፣ እሳቸው ሳይጠሩ በሬ መታረዱን ሰምተው ፊታቸውን አጥቁረው ቆሙ። ከሁሉ ፊት ተስፋው ነበር፤ ለሥጋውም ለጓዳውም ቢባል የእሱ ደጅ ነው የሚቀርበው።

እትዬ ንግሥቴ በበኩላቸው ከጓዳው በራፍ ላይ ዱካ ስበው፣ ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ምን እንደ ጻፉ አያውቁም፤ የጻፉት ግን እንዳይነካ ቆርጠዋል። ሰዉም በሩን ሲያጨናንቅ፣ ሥጋ ፈላጊ መሆኑን ሳይረዱ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ቅርጫ ቆሟል። አልሰማንም እንዳትሉ። ማንም አይካፈል፣ ማንም አይግባ። እኔው በጣቴ አቁሜዋለሁ።» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቅርጫ ቆሟል ከተባለማ ተጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ ማነው ቀድሞ የወሰደ እያለ ተንሾካሾከ፣ ጥርጣሬውም በተስፋው ላይ አረፈ።

ያምሮት ከሚኒባሱ ወርዳ ይህን ጉባኤ አየች። ሥጋ አልታሰባትም፤ ስለ ሥጋ ከየት ይምጣባት። ያየችው ተስፋውን ከፊት፣ ሰውን ከነሳፋው፣ አያ አምላኩን ከነቢላቸው ነው። እትዬ እንዳሉት አድርገዋል፣ ጓዳው ተሰጥቷል፣ በሬዎቼም እየተበለቱ ነው፣ ሰው ብረቱን ሊሸከም ሳፋ ይዞ መጥቷል ብላ አሰበች። እንባዋ ቀድሟት ሊወርድ ሲል በነጠላዋ ጫፍ መለሰችው፤ ከሰዉ መካከል ገብታ፣ ከረጢቷን በሁለት እጇ አጥብቃ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፤ «እኔ ቆሜ ሳለሁ ማንም አይነካቸውም። ያቆምኋቸው እኔ ነኝ። ቢሞቱም የማወጣቸው እኔ ነኝ። ዳለቻ ይኸው ከነነፍሱ እጄ ላይ ነው፤ እሱን የሚካፈል መጀመሪያ እኔን ይካፈል።»

ሰዉ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። አያ አምላኩ ግን ሥርዓት ዐዋቂ ናቸውና ቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ዘርግተው፣ በረጋ ድምፅ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፤ «ልጄ፣ ቅርጫ በዕጣ ነው እንጂ በጉልበት አይደለም። ክፈቺና ይታይ። የሚገባሽ ካለ አይቀርብሽም።»

ያምሮት ከፈተች። ከከረጢቱ ካልሲ ወጣ፤ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ የሕፃን። ከካልሲውም ዲስክ ወጣ። አያ አምላኩ ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፣ አገላበጡት፣ ጠጋ አድርገው አሸተቱት። ሰዉ አንገቱን ሁሉ አስግጎ ጠበቀ። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «እኔ በዕድሜዬ የከሳ በሬ አይቻለሁ። በድርቁ ዘመን አይቻለሁ፣ መጅ የሚሉት የከብት በሽታ ይዞት አይቻለሁ። እንዲህ የከሳ ግን አላየሁም።»

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ሰፌድ ተንኳኳ፣ ሳፋ ተመታ፤ ነገሩ ከየት እንደተነሣ ሁሉም ወደ ወይዘሮ በለጠች ዞረ፣ ወይዘሮ በለጠችም ወደ ዶሮዋ ጌታ ዞሩ። ያምሮት ብቻ አልሳቀችም፤ ገና አላለቀላትምና ነው። በዚያው መካከል ከሽንዲ የመጡት አያ ጌታሁን፣ የሙሽሪት አባት፣ አዲስ ኮታቸውን ለብሰው ከደጁ ደረሱ፤ ሰፌድ የያዘውን ሕዝብ አይተው የቪዲዮ ርክክብ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው ወይ ብለው ግራ ገባቸው።

ያምሮት እትዬ ንግሥቴን ተሻግራ ጓዳ ገባች፣ ወደ ስክሪኑም ተመለከተች። ቃሏ አለች። ሁለቱ ምሰሶ ከነማገሩ፣ ዐይኑ፣ ዐይኑ ዳግመኛ፣ ሃሌታው፣ ራሷ የተቆረጠችው ተ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለባትም። ቦራና ጉራቻ ጸጥ ብለው፣ የወንድማቸውን ድርሻ ሳይነኩ፣ ይጠብቁታል። ያምሮት የእትዬን ጉልበት ሳመች። እትዬም ምነው ምን አድርጌ እንደ ማለት ነጠላቸውን አስተካከሉ እንጂ ደስ ብሏቸዋል።

ከዚያም ቦራን ከጎኑ ፈታችው፤ ዲስኮቹን ከየካልሲያቸው እያወጣች ባዶው ቀዳዳ ከተተቻቸው። ዲስክ በየትኛው በሬ ሆድ ቢገባ ስሙን በልቡ ይዞ ነው የሚዞር፤ ቦታ ቢለውጥም እኔ እገሌ ነኝ፣ መጥቻለሁ ብሎ ለማኅበሩ ይናገራል። አንደኛው ተናገረ። ሁለተኛው ተናገረ። ሦስተኛውም እያመነታ ተናገረ። የመጨረሻው ግን ዝም አለ። የሄቨን ሠርግ እንደሌላው ሁሉ ሁለት ቅጂ ነበረው፤ ዳሩ ግን በጉራቻ ሆድ ያለው ቅጂ፣ ከዳለቻ ሲገለበጥ የታመመው ዳለቻ መካከል ላይ ወድቆ፣ ጎደሎ ሆኖ ቀርቶ ነበርና፣ ደኅናው ያለው በዚያ ዝም ባለው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ያምሮት ይህን ታውቃለች፤ ለማንም ግን አልነገረችም።

ተስፋው ከበሩ ሆኖ ገመዱን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው። እትዬ ንግሥቴ አያዩትም።

ያምሮት ዲስኩን መልሳ ሳበችው። የእጅ ባትሪዋን አብርታ ከሰርቨሩ የሚሰካበትን ጥርሱን ስታይ ከወርቃማው ጥርሱ መካከል አንዲት ቀይ ክር ተጠምጥማለች፤ የሕፃኑ ካልሲ ክር ናት። ያች ክር ነበረች እንግዲህ ስንቱን ያስጨነቀች። በጥፍሯ መዘዘቻት፣ እፍ አለችበት፣ መልሳ ከተተችው። ቦራ አጓራ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አጓራ። ከዚያም የመጨረሻው ዲስክ ስሙን ተናገረ፤ ማኅበሩም ምሉዕ ሆነ።

ወእምድኅረዝ የሄቨን ሠርግ በትልቁ ስክሪን ተከፈተ። ሰፌድ ይዞ የመጣው ሁሉ ባዶውን ከሚመለስ ብሎ ጓዳውን ሞላው፤ በሥጋ ፈንታ ሥጋ ሲቆረጥ አየ፣ ሲበላ አየ፣ ዐይኑ ጠገበ። ተስፋውም በቪዲዮው ውስጥ ተገኘ፤ ድንኳኑ መካከል፣ ኮቱን አውልቆ፣ ትከሻው ከአንገቱ የተለየ እስኪመስል እስክስታ ሲመታ። ራሱን ባየ ጊዜ ፊቱ ቀላ፤ ጥቂት ቆይቶም ለእኔም ትገልብጥልኝ፣ ይቺን ብቻ፣ ሌላው ባይኖርም ይሁን ብሎ ለመነ።

አያ ጌታሁን ግን ከመሬት ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያያሉ። ልጃቸው በስክሪኑ ላይ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እሳቸው በቪዲዮው ውስጥ ዞረው ለአንድ ሰው ስለ ጠላ ጋን ሲናገሩ ይታያል። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲህ አሉ፤ «እኔ በዕለቱ ድንኳን ሳስር፣ እንግዳ ሳስቀምጥ፣ ልጄን አላየኋትም። አሁን ነው የዳርኋት።» ሰፌድ የያዘውም ሁሉ ሰፌዱን ከመሬት አኖረ።

እትዬ ንግሥቴ ከዱካቸው ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «ተስፋው፣ በቆሎህን ከዝናም የሚያስጠልል እኔው እፈልግልሃለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ቤት ባዶ ነው። ይኸ ጓዳ ግን ሰው አለበት። ከእንግዲህ በሬዎቹን ለቁራሌው የሚል ቢገኝ፣ እኔም ብሆን፣ አፉን ያዙልኝ።» ቀጥሎም ያምሮት የጧቱን አዋጅ፣ የሚነሣውም በዚያችው ቃል ነውና፣ ልታነሣ፣ ዲስኮቹ ገብተዋልና ማኅበሩ ወደ ሥርዓቱ ይመለስ ልትል፣ ወደ ኪቦርዱ ብትዘረጋ፣ እትዬ እጇን መለሱት። አዋጅ ያወጀ እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔው ነኝ፤ አንቺ አካሉን ጻፊ፣ ቃሏን ለእኔ ተዪልኝ ብለው ወንበሩን ወሰዱ፤ ሁለቱን ምሰሶ ከነማገሩ፣ ሁለቱን ዐይን፣ ሃሌታውን፣ ራሷ የተቆረጠችውን ተ፣ ማንም ሳይነግራቸው ሰደሯቸው፣ ቀስቱ የታጠፈውንም መቱት።

ዝንቱ ውእቱ የያምሮት ዘመቻ። ሌሎች ጦር ሰብቀው ወንዝ ይሻገራሉ፤ እሷ በካልሲ የተጠቀለለ ሠርግ አቅፋ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ገባች። ሌሎች ምርኮ ይዘው ይመለሳሉ፤ እሷ የሄደውን ሁሉ ሳይጎድል መለሰች። ያምሮት፣ ኀያል በብሎን መፍቻ፣ ብልኅት በጭንቅ ጊዜ፣ ከዳገትና ከሞተር ድምፅ በላይ የጮኸች፣ ለፈረንጅ ፊደል ዐይንና ራስ ያበጀችለት፣ ክር ከዲስክ ጥርስ የመዘዘች፣ ለአባት ልጁን ያሳየች፤ ክብር ይገባታል፣ ዝናዋም ከሽንዲ እስከ ደምበጫ ይሰማ። በማግስቱ ረቡዕ አንቀላፍታ፣ ፀሐይ ከወጣ ብዙ ቆይታ ሥራ ገባች። እትዬ ንግሥቴ ከበራፉ ቆመው አዩአት፤ ቁርስ በልተሻል ወይ ብለው ብቻ ጠየቋት።